በእጅ የሚያዘው ፕሌይስቴሽን፦ ወሬው ስለ ቺፑ፣ ጥያቄው ስለ ዋቱና ስለ ዲስኩ

ሶኒ በእጅ የሚያዝ፣ ቤት ሲደርሱ ደግሞ ከቴሌቪዥን ጋር የሚገጠም ፕሌይስቴሽን እየሠራ ነው የሚለው ወሬ ባሕር ዳር ውስጥም ከፔዳ ግቢ እስከ ፖሊ ግቢ ጌም የሚወደውን ሁሉ ያከራክራል። ወሬው ከሜዳ የተነሣ አይደለም። ብሉምበርግ በኖቬምበር 2024 (እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ቀኖቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ኩባንያው የፕሌይስቴሽን 5 (ፒኤስ 5) ጌሞችን የሚያጫውት የእጅ ኮንሶል፣ ማለትም የጌም መጫወቻ መሣሪያ፣ እያዘጋጀ እንደሆነ፣ ለገበያ እስኪበቃ ግን ዓመታት ሊወስድ እንደሚችል ጽፎ ነበር። ከዚያ ወዲህ «ካኒስ» የሚል የውስጥ ስም ያለው ቺፕ አለ የሚሉ ዩቲዩበሮች በዝተዋል። ሶኒ ራሱ ያረጋገጠው ነገር የለም።

የሚገርመኝ ክርክሩ የሚያርፍበት ቦታ ነው። አንዱ «ከፒኤስ 5 ይበልጣል» ይላል፤ ሌላው «ከፒኤስ 4 አያልፍም» ብሎ ይመልስለታል፤ ውርርዱ ሁሉ በቺፑ ጉልበት ላይ ነው። የዚህ ዓይነት ኮንሶል ዕጣ የሚወሰነው ግን ስንት ዋት እንደሚበላና ጌሙ በምን በኩል እንደሚገባበት ነው። ጣና ዳር ላለ ተጫዋች ደግሞ ሁለተኛው ከመጀመሪያውም ይከብዳል።

የትኛው ወሬ ይታመን?

የእጅና የቤት ኮንሶልን አንድ አድርጎ የተሳካለት ኒንቴንዶ ስለሆነ መመዘኛውን ከሱ ታሪክ መውሰድ ይሻላል። በማርች 2015 የያኔው ፕሬዚዳንት ሳቶሩ ኢዋታ «ኤንኤክስ» የተባለ ነገር እየተሠራ እንደሆነ ተናገሩ፤ ምንነቱን ግን አላብራሩም። በዚያው ዓመት ጁላይ ላይ ሕይወታቸው አለፈ። ኩባንያው በኦክቶበር 2016 ያንኑ ነገር ስዊች ብሎ እስኪያሳይ ድረስ ዓመት ከመንፈቅ ያህል ዓለም ሲገምት ከረመ። መልኩን ቀድሞ ያወጣው ዩሮጌመር የተባለው የጌም ድረ ገጽ ነው፤ የራሱ ስክሪን ያለው፣ ጆይስቲኮቹ ከግራና ከቀኝ የሚነቀሉ፣ በካርትሪጅ (ጌሙን በያዘ ትንሽ ካርድ) የሚሠራ፣ የቺፕ ሠሪውን የኤንቪዲያን ቴግራ ቺፕ የያዘ ኮንሶል ነው ብሎ በጁላይ 2016 ጻፈ። ሁሉም እንዳለው ሆኖ ተገኘ።

ያልተሳካው ግምት የጉልበቱ ነበር። ብዙ ሰው ገና ያልታየ አዲስ ቺፕ ሲጠብቅ የመጣው በ2015 የተዋወቀው ቴግራ ኤክስ1 ሆነ፤ ያውም ፍጥነቱ ተቀንሶ። የምስል ክፍሉ ቴሌቪዥን ላይ ሲሠራ 768 ሜጋኸርዝ፣ በእጅ ሲያዝ ደግሞ መነሻው 307 ሜጋኸርዝ ብቻ ነበር። በስዊች 2 ጊዜም ነገሩ ተመሳሳይ ነው። ቲ239 የሚለው የቺፑ ስም በ2021 ተሰማ፤ በ2022 መጀመሪያ ኤንቪዲያ በመረጃ ጠላፊዎች ሲመዘበር ከወጡት ፋይሎች ውስጥ የቺፑ ዝርዝር ይገኝበት ነበር። ኮንሶሉ ገበያ ላይ የዋለው ከሦስት ዓመት በኋላ፣ ጁን 5 ቀን 2025 ነው። ፋይሎቹ በአብዛኛው ልክ ነበሩ፤ ፋይሎቹን ይዘው «በእጅ ሆኖም የፒኤስ 5 ምስል ያወጣል» ያሉት ግን አልነበሩም።

እኔ ከዚህ የምወስደው ቀላል ነው። ከፋብሪካና ከሰነድ ያፈተለከ ወሬ ብዙ ጊዜ ይይዛል። ከምኞት የተወለደው ደግሞ ሁልጊዜ የሚስተው ወደ አንድ ወገን ነው፤ ጉልበቱን አብዝቶ፣ ዋጋውን አሳንሶ።

ሃያ እጥፍ

ጉልበቱን የሚገድበው ሙቀትና ባትሪ ነው። አንድ ቺፕ የሚበላው ኃይል ከፍጥነቱ ጋር እኩል፣ ከቮልቴጁ ጋር ደግሞ በካሬ ያድጋል። ፍጥነት ለመጨመር ቮልቴጅም መጨመር ስላለበት የመጨረሻዋ ጥቂት ጉልበት በጣም ውድ ናት። በተገላቢጦሹ ፍጥነቱን ትንሽ ሲቀንሱለት ብዙ ኃይል ይተርፋል። ያው አንድ ቺፕ በእጅም በቴሌቪዥንም እንዲሠራ ያስቻለው ይህ ነው። ብዙ ሰው ዶኩ፣ ማለትም ኮንሶሉ የሚሰካበት ማስቀመጫ፣ ተጨማሪ ቺፕ ያለው ይመስለዋል። የለውም። ከግድግዳ መብራት ያቀብላል፣ ምስሉን ወደ ቴሌቪዥን ያሳልፋል፤ የስዊች 2ቱ ደግሞ የራሱ ማራገቢያ ተጨምሮለታል። ቺፑ በባትሪ ላይ ስላልሆነ ይፈጥናል፤ የስዊች 2 የምስል ክፍል በእጅ 561 ሜጋኸርዝ ሲሆን ዶክ ላይ 1007 ይደርሳል።

ቁጥሩን እንየው። የስዊች 2 ባትሪ 5,220 ሚሊአምፒር-ሰዓት ነው፤ ይህም ወደ 20 ዋት-ሰዓት ይጠጋል። ኒንቴንዶ እንደ ጌሙ ዓይነት ከ2 እስከ 6.5 ሰዓት ያቆያል ይላል። ከባድ ጌም በሁለት ሰዓት ከጨረሰው ኮንሶሉ የሚበላው 10 ዋት ገደማ ነው ማለት ነው። ፕሌይስቴሽን 5 ከባድ ጌም ሲያጫውት ወደ 200 ዋት ይበላል። ልዩነቱ ሃያ እጥፍ ነው። «ከፒኤስ 5 ይበልጣል» የሚለው ወገን ይህን ክፍተት በምን እንደሚሞላው ማሳየት አለበት።

ባትሪውን ማሳደግስ? ተሞክሯል። ስቲም ዴክ ኦሌድ የተባለው የእጅ ኮንሶል 50 ዋት-ሰዓት ይይዛል። አሱስና ማይክሮሶፍት በኦክቶበር 2025 ያወጡት ሮግ ኤክስቦክስ አላይ ኤክስ 80 ዋት-ሰዓት አለው፤ ክብደቱ 715 ግራም ገደማ፣ ሲወጣ ዋጋው ደግሞ አሜሪካ ውስጥ 1,000 ዶላር ነበር። ስዊች 2 ከነጆይስቲኮቹ 534 ግራም ገደማ ነው። ልዩነቱ ወረቀት ላይ ሲያዩት ምንም አይደለም፤ ከባሕር ዳር ጎንደር በሚኒባስ እየተጓዘ ክንዱን አንሥቶ ለሚጫወት ሰው ግን አዲስ ዘመን ከተማ ሳይደርስ ይታወቀዋል።

ስለ ሙቀት ከተነሣ አይቀር፣ እኛን ብቻ የሚመለከት አንድ ነገር አለ። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች አየሯ ከቶኪዮ ወይም ከሎስ አንጀለስ አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ያው ማራገቢያ በያው ፍጥነት ቢሽከረከር የሚያልፍበት አየር ስለሚያንስ ይዞት የሚወጣው ሙቀትም ያንሳል። በሚያዝያ ከሰዓት በኋላ በቆርቆሮ ክዳን ሥር ተቀምጦ የሚጫወት ሰው ማራገቢያው ለምን ይህን ያህል እንደሚጮህበት የሚጠይቅ ከሆነ የመልሱ ግማሽ እዚህ ነው። የውጭ ሀገር ሞካሪዎች የሚለኩት ቁጥር እዚህ አንድም ሳይጎድል ይደገማል ብዬ አልጠብቅም።

ታዲያ የሶኒው ወሬ ከንቱ ነው? አይመስለኝም። ሁለት ምልክቶች አሉ። በሴፕቴምበር 2025 ሶኒ ለፕሌይስቴሽን 5 ኃይል ቆጣቢ አሠራር አመጣ፤ ይህን የሚደግፉ ጌሞች አቅማቸው ዝቅ ብሎ በአነስተኛ ኃይል ይሄዳሉ። ኩባንያው ምክንያቱን የአካባቢ ጥበቃ ነው ይበል እንጂ፣ የጌም ሠሪዎችን ጌማቸውን በዝቅተኛ ጉልበት እንዲያዘጋጁ ማለማመድ ለእጅ ኮንሶል ከሚደረግ ዝግጅት ጋር አንድ ነው። ሁለተኛው የበለጠ ያሳምነኛል። የፕሌይስቴሽን ዋና መሐንዲስ ማርክ ሰርኒ በኦክቶበር 2025 ከቺፕ ሠሪው ኩባንያ ከኤኤምዲው ጃክ ሁይን ጋር ሆነው ስለሚቀጥለው ትውልድ ቺፕ ሲያስረዱ ካነሷቸው ነገሮች አንዱ ወደ ሜሞሪ የሚመላለሰውን መረጃ ሁሉ አምቆ ማሳነስ ነበር። የእጅ ኮንሶል ትልቁ ማነቆ ይኸው ነው። የፕሌይስቴሽን 5 ሜሞሪ በሰከንድ 448 ጊጋባይት ያመላልሳል፤ ስዊች 2 በእጅ ሲያዝ 68 ብቻ። የሚመላለሰው መረጃ ካላነሰ ቺፑ ምን ያህል ቢፈጥን ሥራ ፈትቶ ይጠብቃል። ቴክኖሎጂው ያኔ ገና በኮምፒውተር ሲሙሌሽን ብቻ የነበረ ሲሆን ሰርኒ ኮንሶሉ የሚመጣው በጥቂት ዓመታት ውስጥ ነው ብለዋል።

እነዚህን ደምሬ የምገምተው ይህን ነው፦ በእጅ ሲያዝ 15 ዋት አካባቢ የሚበላ፣ የፒኤስ 5 ጌሞችን በዝቅተኛ ጥራት ሠርቶ በሶፍትዌር የሚያጎላ፣ ከትልቁ ፒኤስ 6 ጎን እንደ ታናሽ ወንድም የሚቀርብ መሣሪያ። ፒኤስ 4 በኖቬምበር 2013፣ ፒኤስ 5 በኖቬምበር 2020 ስለወጡ ያው ሰባት ዓመት ቢደገም 2027 መጨረሻ ላይ ይውላል። ከዚያ በፊት አልጠብቀውም። ሊዘገይ ግን ይችላል፤ ከ2025 መጨረሻ ጀምሮ የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ማዕከላት የሜሞሪ ቺፕ እየሻሙ ዋጋውን አስወድደውታል፤ ርካሽ ኮንሶል ለመሥራት ደግሞ ውድ ሜሞሪ አይመችም።

ጌም ቤቱና ዲስኩ

እዚህ አብዛኛው ሰው ኮንሶልን የሚያውቀው ከራሱ ቤት ሳይሆን ከጌም ቤት ነው። ሒሳቡ በጨዋታ ነው፤ ብዙ ጊዜ የተሸነፈው ይከፍላል፣ ያሸነፈው ወንበሩን ይዞ ይቀጥላል፣ ከኋላ የቆመው ተራው እስኪደርስ ዳኛም አሠልጣኝም ይሆናል። መብራት ሲጠፋ ሁሉም ይበተናል። ጢስ ዓባይ ላይ ከ1964 ጀምሮ ኃይል ማመንጫ አለ፤ 460 ሜጋዋት እንዲያመነጭ የተሠራው ጣና በለስም ውኃውን የሚወስደው ከዚሁ ሐይቅ ነው፤ ባሕር ዳር ግን መብራት ሲሄድና ሲመጣ መቁጠር የለመደች ከተማ ናት።

የእጅና የቤት ኮንሶል ሲደባለቅ ለዚህ የሚያመጣው ለውጥ ከሚመስለው ይበልጣል። 500 ዋት-ሰዓት የሚይዝ ባትሪ፣ በሶላር የተሞላም ይሁን በመብራት፣ 200 ዋት የሚበላ ኮንሶልና 80 ዋት የሚበላ ቴሌቪዥን ቢገጠምበት ሁለት ሰዓት አይሞላም። ዶክ ላይ ሆኖ 20 ዋት የሚበላ ኮንሶል ከያው ቴሌቪዥን ጋር ቢገጠምበት አምስት ሰዓት ያህል ይሄዳል። ያኔ ዋናው በላተኛ ቴሌቪዥኑ ይሆናል። ጄኔሬተር አስነሥቶ የቤንዚን ወጪ ለሚቆጥር የጌም ቤት ባለቤት ይህ የቴራፍሎፕ (የቺፕ ጉልበት መለኪያ) ክርክር ሁሉ ሊሰጠው የማይችለው ነገር ነው። ኮንሶሉን ከዶኩ ነቅሎ ለደንበኛ ያስይዛል ብዬ ግን አላስብም፤ ጆይስቲኩን እንኳን በዓይኑ የሚከታተል ሰው ነው። ደግሞስ በሰባት ኢንች ስክሪን ላይ ከኋላ ቆሞ ማን ይዳኛል?

ችግሩ ጌሙ የሚመጣበት መንገድ ነው። በእኛ ገበያ ጌም ከእጅ ወደ እጅ ይሄዳል። ዲስክ ይሸጣል፣ ይለወጣል፣ ይዋሳል፤ አሮጌ ኮንሶል ያለው ደግሞ ሃርድ ዲስኩን ይዞ «ጌም እንጭናለን» የሚል ሱቅ ይሄዳል። የሁለተኛው መንገድ ሕጋዊነት አነጋጋሪ ቢሆንም ምክንያቱ ግልጽ ነው። ፕሌይስቴሽን ኔትወርክ በይፋ ከሚያገለግላቸው ሀገሮች ውስጥ ኢትዮጵያ የለችም። ከሱቁ መግዛት የፈለገ በሌላ ሀገር ስም አካውንት ከፍቶ፣ ውጭ ባለ ዘመድ ካርድ ወይም በስጦታ ካርድ ይከፍላል። ከከፈለም በኋላ 50፣ አንዳንዴም ከ100 ጊጋባይት በላይ ማውረድ አለበት። ከኦገስት 2023 ጀምሮ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደነበር የሚያስታውስ ሰው «ኢንተርኔት ካለ» የሚለውን ቅድመ ሁኔታ እንደ ዝርዝር ጉዳይ አያልፈውም።

ዓለም የሚሄደው ደግሞ ወደዚያው ነው። ለስዊች 2 ከሚሸጡት ካርትሪጆች ብዙዎቹ ውስጣቸው ጌም የለም፤ ቁልፍ ብቻ ይይዛሉ፤ ጌሙ ከኢንተርኔት ይወርዳል፣ ለመጫወት ደግሞ ካርትሪጁ መሰካት አለበት። ትልልቅ ካርትሪጆች ውድ ስለሆኑ ነው። ቢፈለግ ግን እንደሚቻል ሳይበርፐንክ 2077 አሳይቷል፤ ሙሉ ጌሙ በ64 ጊጋባይት ካርትሪጅ ላይ ተጭኖ ወጥቷል። ሶኒ በኖቬምበር 2023 ያወጣው ፕሌይስቴሽን ፖርታል ከዚህም ይብሳል፤ በራሱ ጌም አይጭንም፣ ምስሉን በዋይፋይ ይቀበላል፣ ለጥሩ ጨዋታም 15 ሜጋቢት በሰከንድ ይፈልጋል። እቤት ውስጥ ፒኤስ 5 ላለው ሰው ደህና ነው። መብራት ሲጠፋ ግን ዋይፋዩም ፒኤስ 5ቱም አብረው ይጠፋሉ።

ሶኒ ይህን መንገድ ቀድሞም ሞክሮት ወድቆበታል። ስለ ቀድሞው የሶኒ የእጅ ኮንሶል፣ ስለ ፒኤስፒ፣ የሚያስታውስ ሰው ብዙ ነው፤ በ2007 የወጣው ሁለተኛው ሞዴል በገመድ ከቴሌቪዥን ጋር ይገናኝ እንደነበር የሚያስታውስ ግን ጥቂት ነው። ስዊች ከመምጣቱ አሥር ዓመት በፊት መሆኑ ነው። (ሴጋማ ኖማድን ይዞ በ1995 ቀድሞታል፤ ስድስት ደረቅ ድንጋይ ሁለት ሦስት ሰዓት ብቻ ስለሚያቆየው ማንም አልዘለቀበትም።) በ2009 ደግሞ ዲስክ የማይወስድ፣ ሁሉን ከኢንተርኔት የሚያወርድ ፒኤስፒ ጎ መጣ። ዲስኮቹን የገዙ ሰዎች በአዲሱ ኮንሶል ሊጫወቱባቸው አልቻሉም፤ ዋጋው ደግሞ ከሌላው ፒኤስፒ በላይ ነበር። ሳይሸጥ ቀረ። ቀጥሎ የመጣው ቪታ ካርድ የሚወስድ ሆኖ ሳለ ሶኒ ለብቻው የሚሸጠው የሜሞሪ ካርድ ውድነት አንዱ መውደቂያው ሆነ።

ዋጋን በተመለከተ ረጅም ነገር የለኝም። ስዊች 2 አሜሪካ ውስጥ በ450 ዶላር ወጣ። ብር በጁላይ 2024 መገበያያው ለገበያ ሲለቀቅ አንድ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነሥቶ ብዙም ሳይቆይ ከ100 ብር አለፈ። ያው 450 ዶላር በድሮው ምንዛሪ ከ26 ሺህ ብር በታች ነበር፣ ከዚያ በኋላ ከ45 ሺህ በላይ፤ በሻንጣ ያመጣው ሰው ትርፉን ሳይጨምር።

ወደ ዲስኩ ልመለስ፤ የማልወጣው እንቆቅልሽ እዚያ ነው። ከ2023ቱ ቀጭን ሞዴል ጀምሮ የፒኤስ 5 ዲስክ አንባቢ የሚነቀል ሆኗል፤ በ700 ዶላር የወጣው ፒኤስ 5 ፕሮማ ያለሱ ነው የሚሸጠው። ስለዚህ አንዳንዶች «ዲስክ አንባቢው ዶኩ ላይ ይገጠማል፣ ያለን ዲስክ ሁሉ ይሠራል» ብለው ይገምታሉ። ሐሳቡ ደስ ይላል። ግን ጌሙ ተጭኖም ቢሆን ዲስኩ ውስጥ መኖሩን ኮንሶሉ በየጊዜው ያረጋግጣል። ከዶኩ ነቅለው ይዘውት ሲወጡ ዲስኩ እቤት ይቀራል። ታዲያ በምን ያረጋግጥ?

አንዱ መንገድ ማይክሮሶፍት በ2013 ለኤክስቦክስ ዋን ያሰበው ነው፦ ዲስኩ አንድ ጊዜ ከተጫነ በኋላ አያስፈልግም፣ ኮንሶሉ ግን በየ24 ሰዓቱ በኢንተርኔት ራሱን ያሳውቃል። ተጫዋቹ ተቆጣ፤ ሶኒ የራሱን ጌም ማዋስ ዲስኩን ከእጅ ወደ እጅ እንደ ማቀበል ቀላል መሆኑን የሚያሳይ አጭር ቪዲዮ ሠርቶ አሾፈበት፤ ማይክሮሶፍት በዚያው ዓመት ጁን ላይ ሐሳቡን ሰረዘ። ሶኒ ዛሬ ያንኑ ቢያመጣው፣ ለአንድ ቀን ሳይሆን ለሠላሳ ቀን እንኳን ቢያደርገው፣ ኢንተርኔት ለወራት በተቋረጠበት ከተማ ኮንሶሉ ዕቃ ብቻ ሆኖ ይቀመጣል። ሌላው መንገድ ለእጁ መሣሪያ ካርትሪጅ መመለስ ነው፤ ከሜሞሪው ዋጋ አንጻር የሚደፍሩት አይመስለኝም።

ስለዚህ ውርርዴ ዲስክ አንባቢው ለቤቱ ትልቁ ኮንሶል ብቻ ይሠራል፣ የእጁ ደግሞ ያለምንም ዲስክ ይወጣል የሚል ነው። ዝርዝሩ ይፋ ሲሆን እኔ መጀመሪያ የምፈልገው የቺፑን ቁጥር ሳይሆን ያለ ኢንተርኔት ስንት ቀን እንደሚሠራ የሚናገረውን መስመር ነው። እስከዚያ የቀበሌ 14 ጌም ቤት ፒኤስ 4ቱን የሚያወጣበት ምክንያት አይታየኝም፤ የእግር ኳሱ ጌም ኤፍሲ 26 ለሱም ወጥቷል፣ በዲስክ።